ሲያማችሁ ተናገሩ ያሉን አባት፤ የአባ ሳንቃ የሕይወት ታሪክ

አባ ሳንቃ ከድንጋይ ጠራቢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ ከአምስት ልጆች ሦስተኛ ሆነው፣ ጥቅምት 19 ቀን 1945 ዓ.ም. ድንጋይ ማውጫው አፍ ላይ ከተሠሩት የሠራተኛ ቤቶች በአንዱ ተወለዱ። ቤቱ ሁለት ክፍል ነበር። በአንዱ ሰባቱም ይተኙበታል፤ በሌላው ምድጃው፣ የውኃ በርሜሉና የእናታቸው የስፌት መኪና ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። ጠዋት ድንጋዩ በፈንጂ ሲናድ መስኮቱ ይንቀጠቀጥና ነጭ አቧራ ከጣራው እየረገፈ በተሰፋው ልብስ ላይ ያርፍ ነበር። እናታቸው ልብሱን አራግፈው ለባለቤቱ ሲያስረክቡ «አቧራው ምርቃት ነው» ይሉ እንደነበር የሚያስታውሱ ዛሬም አሉ።

አባታቸው ክፉ ሰው አልነበሩም። እጃቸው ግን ፈጣን ነበር። በቤቱ ውስጥ አንድ ያልተጻፈ ሕግ ነበር፤ የተመታ ልጅ ካለቀሰ ይደገማል። ይህን ሕግ ከአምስቱ ልጆች ቀድሞ የገባቸው ሦስተኛው ነበሩ። ሰባት ዓመት ሲሆናቸው ከተቆለለ ድንጋይ ላይ ወድቀው የግራ ክንዳቸው አጥንት ተሰነጠቀ። ለማንም ትንፍሽ ሳይሉ ሁለት ቀን ቆዩ። በሦስተኛው ቀን እናታቸው ሸሚዝ ሊለኩላቸው እጅጌውን ከፍ ሲያደርጉ ክንዱ አብጦ፣ ጠቁሮ አገኙት። እናት ጮኹ። አባት ግን ልጁን ከላይ እስከ ታች አይተው «ይኼ ልጅ ይችላል» አሉ። ከአባታቸው አፍ የሰሙት ምስጋና ያ ብቻ እንደነበር አባ ሳንቃ ካረጁ በኋላ ነግረውናል።

ትምህርታቸውን እስከ ስምንተኛ ክፍል ተከታተሉ። በሒሳብ ጎበዝ ነበሩ። በ1960 ዓ.ም. አባታቸው፣ ብዙ ጠራቢዎች እንደሞቱት፣ ሳንባቸው በድንጋይ ብናኝ ታፍኖ ሲያርፉ ትምህርቱ በዚያው ቀረ። በ1961 ዓ.ም. በአንድ የአውቶቡስ ድርጅት ጋራዥ በላሜራ ቀጥቃጭነት ተቀጠሩ። የተጨረማመተ በርና መከላከያ መዶሻ ይዘው ሲያቃኑ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት በዚያው ጋራዥ አሳለፉ።

በዚያ ጋራዥ አንድ ዘበኛ ነበሩ። በወጣትነታቸው በውትድርና ውስጥ ካራቴ ሲያሠለጥኑ የኖሩ፣ የቀኝ ዓይናቸው የማያይ፣ ነገረ ቁጥብ ሽማግሌ። አንድ ቀን አባ ሳንቃን አለቃቸው ሰው ፊት ሰደቧቸው፤ እሳቸውም ቃል ሳይመልሱ ወጥተው የቆመ አውቶቡስ በር በቡጢ መቱ። በሩ ሰረጎደ፤ እጃቸውም ደማ። ዘበኛው ከወንበራቸው ሳይነሡ ጠየቋቸው።

«በሩ ምን አደረገህ?»

«ምንም።»

«እንግዲያው ነገ በምሳ ሰዓት ና። መምታትህ ካልቀረ መምታት ተማር።»

በማግስቱ ሄዱ። ሽማግሌው ከጎማ መጋዘኑ ጀርባ አንድ ወፍራም ሳንቃ ተክለው፣ ጫፉ ላይ ገመድ ጠምጥመው ጠበቋቸው። ቡጢ ግን ወዲያው አልፈቀዱላቸውም። አራት ወር ሙሉ ያስተማሯቸው መቆም ነው። የኋላ እግር ተረከዝ መሬት እንዳይለቅ፣ ጉልበት እንዳይገተር፣ ትከሻ እንዳይነሣ። «እጅ መልእክተኛ ነው» ይሏቸው ነበር፤ «ላኪው ወገብ ነው። ወገብን የሚልከው ደግሞ ተረከዝ ነው። መልእክተኛው ቢፈረጥም ላኪው ከተኛ ምን ዋጋ አለው?» ጣቶች ጫጩት እንደያዘ ሰው ልል ሆነው ይሄዱና የሚጨበጡት ሊያርፉ ሲሉ ብቻ ነው። ትንፋሽም እንደዚያው። ይህን ሁሉ ሲያውቁት ነው ሳንቃው የተፈቀደላቸው፤ በቀን ሦስት መቶ በቀኝ፣ ሦስት መቶ በግራ። የጋራዡ ሠራተኛ ምሳውን የሚበላው በዚያ ድምፅ ታጅቦ ነበርና «አባ ሳንቃ» የሚለውን ስም ያወጣላቸው እሱ ነው።

ከሽማግሌው የወረሱት ሌላም ነገር ነበር። የእጃቸው ቆዳ ተልጦ ገመዱ በደም ሲርስ ዘበኛው ፋሻ አላቀረቡላቸውም። «ሕመም እንግዳ ነው» አሏቸው፤ «ካላስተናገድከው ተነሥቶ ይሄዳል።» አባ ሳንቃ ይህን ቃል ሲሰሙ አዲስ አልሆነባቸውም። በአባታቸው ቤት ያለ ቃል የተማሩትን አሁን የሚከበር ሰው በቃል ነገራቸው፤ ስለዚህ አመኑት። ሃያ ስድስት ዓመትም አመኑት።

በ1966 እና በ1967 ዓ.ም. በተደረጉት የካራቴ ውድድሮች በክብደታቸው አንደኛ ወጡ። ያዩአቸው ሰዎች የሚያወሩት ስለ ሜዳሊያው አይደለም። ተራ ሰው በአሸዋና በሰጋቱራ የታጨቀ ጆንያ ሲመታ ጆንያው ይወዛወዛል። እሳቸው ሲመቱት አይወዛወዝም ነበር፤ ባለበት እጥፍ ይላል እንጂ። ድምፁም አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ደረቅና አጭር።

በ1968 ዓ.ም. ከባለቤታቸው ጋር ትዳር መሠረቱ። ባለቤታቸው የጤና ጣቢያ ነርስ ነበሩ። የተዋወቁትም የአባ ሳንቃ የጣት ጉልጥምት አመርቅዞ፣ አለቃቸው አስገድደው ጤና ጣቢያ የላኳቸው ቀን ነው። ነርሷ ቁስሉን ከፍተው በአዮዲን ሲጠርጉ ሰውየው ዓይናቸውን እንኳ አላርገበገቡም።

«አያምህም?» አሏቸው።

«አያመኝም።»

«እንግዲያው ነርቭህ ሞቷል ማለት ነው። ቆይ፣ ሐኪም ልጥራ፤ መቆረጥ ሳይኖርበት አይቀርም።»

አባ ሳንቃ እጃቸውን ሳብ አድርገው «ትንሽ ያመኛል» አሉ። ባለቤታቸው ይህን በየሰው ሠርግ ላይ ያወሩት ነበር። «እኔ የወደድኩት ቡጢውን አይደለም፤ ‹ትንሽ ያመኛል› ያለኝን ነው» ይሉና ሰው ሲስቅ እሳቸው ደግሞ «ከዚያ ወዲያ ደግሞልኝ አያውቅም» ብለው ይጨምሩ ነበር። በታኅሣሥ 1970 ዓ.ም. ወንድ ልጅ፣ በሰኔ 1975 ዓ.ም. ሴት ልጅ ወለዱ። ይህን ታሪክ የጻፈችው ሴት ልጃቸው ናት።

በ1971 ዓ.ም. ከአንድ ወፍጮ ቤት በላይ ያለውን ሰፊ ክፍል ተከራይተው የካራቴ ማሠልጠኛ ከፈቱ። ከጋራዥ እንደወጡ በቀጥታ ወደዚያ ይሄዳሉ። ወፍጮው ሲዞር ወለሉ ከእግር በታች ይንዘፈዘፋል፤ በጣውላዎቹ ሽንቁር ዱቄት እየበነነ የተማሪዎቹን ቅንድብ ያነጣል። በግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈ ቃል ነበር፤ «ያመመው አይናገር፤ የተናገረ አይመለስ»። ተማሪዎች የሚፈሩት ልምምድም ነበር፤ ስሙ «መቻል»። ተማሪው እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ይቆማል። አባ ሳንቃ በተራ እየዞሩ ሆዱን ይመታሉ። ድምፅ ያሰማ ከቀበቶ ፈተና ይቀራል። በኃይል የሚመቱ አልነበሩም፤ ለክተው ነው። በአሥራ ስድስት ዓመት ውስጥ አንድ ሰው እንኳ አልተጎዳም ነበር። ይህ እውነት ነው፤ ያታለላቸውም ይኸው እውነት ነው።

ልጃቸው ከስድስት ዓመቱ ጀምሮ በዚያ ክፍል አደገ። ቀጭን፣ ግራኝ፣ ሲሄድ የሚያፏጭ ልጅ ነበር። አባቱን ይወዳል፤ አባቱን ይፈራል፤ ሁለቱ በእሱ ዘንድ አንድ ነገር ነበሩ። ረቡዕ መጋቢት 6 ቀን 1987 ዓ.ም.፣ ለጥቁር ቀበቶ ሊፈተን ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ከሌሎች ጋር ተሰልፎ ቆመ። አባ ሳንቃ «ለልጁ ያዳላል» መባልን አጥብቀው ይጠሉ ነበርና ልጃቸው ፊት ሲደርሱ ከሌላው ጠንከር አደረጉት። ልጁም በዚያች ቅጽበት ትንፋሽ ሊስብ በትንሹ ዞረ። ቡጢው ሆዱ ላይ ሳይሆን ከግራ ጎኑ፣ ከመጨረሻዋ የጎድን አጥንት ሥር አረፈ። ልጁ ድምፅ አላሰማም። ቀና ብሎ እጅ ነሣ። አባቱም ወደሚቀጥለው ተማሪ አለፉ።

ማታ ራት ላይ ምግብ አልበላም። ሐሙስ ውኃ ውኃ አለ። ታናሽ እህቱ ሦስት ጊዜ በጣሳ አመላለሰችለት። የግራ ትከሻውን እያሻሸ ሲቀመጥ «ምን ሆነህ ነው?» አለችው። ልብሱን ገልጦ ጎኑን አሳያት። ቀላ ብሎ ነበር እንጂ ብዙ የሚታይ ነገር አልነበረውም።

«ለአባባ እንዳትነግሪ» አላት። «ቅዳሜ ቀበቶ አለኝ።»

«ለእማማስ?»

«ለእማማ ከነገርሽ ለአባባ ነገርሽ ማለት ነው።»

እናታቸው ከሥራ ሲመለሱ ፊቱን አይተው «ምነው ነጣህ?» አሉት። «የትምህርት ቤት ፈተና አለብኝ፣ ሳጠና ነው» አላቸው። ግንባሩን ዳሰሱት፤ ትኩሳት የለውም። አመኑት።

ዓርብ መጋቢት 8 ቀን፣ ልጆቹ ለምሳ ቤት መጥተው ሳለ፣ ልጁ እጁን ሊታጠብ እንደቆመ ተዝለፍልፎ ወደቀ። እናት ጤና ጣቢያ ተረኛ ነበሩ። ለቤቱ የሚቀርበው ጋራዡ ነውና እህቱ ነጠላ ጫማዋን ጥላ ወደዚያ ሮጠች። አባ ሳንቃ መዶሻቸውን እንደያዙ መጡ፤ መዶሻውን የጣሉት ደጃፉ ላይ ነው። ልጃቸውን ተሸክመው ሆስፒታል አደረሱት። እዚያ የነበሩት ሐኪም ሆዱን ሲነኩት እንደ ሳንቃ ደርቋል። ጣፊያው ፈንድቶ ደሙ ሁለት ቀን ሙሉ ወደ ውስጥ ሲፈስ ቆይቷል።

«መቼ ነው የተመታው?» አሉ ሐኪሙ።

«ረቡዕ።»

«እስከ ዛሬ ምን ስትጠብቁ ነበር? ማን ነው የመታው?»

«እኔ ነኝ» አሉ አባ ሳንቃ።

ልጁ ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል ሳይገባ አረፈ። አሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር።

አባ ሳንቃ ከቀብሩ መልስ በራሳቸው እግር ሄደው ለፖሊስ እጃቸውን ሰጡ። አራት ወር ምርመራ ተካሂዶ «በልምምድ ላይ የደረሰ አደጋ» ተብሎ መዝገቡ ተዘጋ። እሳቸው ግን ሁለት ጊዜ ተመልሰው ክሰሱኝ ብለዋል። መርማሪው በመጨረሻ «አባት፣ እዚህ የምንሰጥዎ ፍርድ እቤትዎ ከሚጠብቅዎ አይከብድም፤ ይሂዱ» ብለው እጃቸውን ይዘው እስከ በሩ እንደሸኟቸው እናታችን ነግረውናል። ማሠልጠኛው ተዘጋ። የጎማ መጋዘኑ ጀርባ ያለውን ሳንቃ ነቅለው ጣሉት። ስድስት ዓመት ሙሉ ከላሜራ በቀር ምንም አልመቱም።

ቤቱ ውስጥ የነበረውን ዝምታ ለመግለጽ ይህች ወረቀት አትበቃም። ሁለቱ ባልና ሚስት አልተጣሉም፤ ቢጣሉ ይሻል ነበር። አባ ሳንቃ ሥራ ውለው ይገቡና ወንበር ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ያዩታል። አንድ ቀን ባለቤታቸው እጃቸው ላይ ጨርቅ ጣል አድርገው ሸፈኑት። «አንተ መታኸው» አሏቸው። «እኔ ነርስ ነኝ፤ ግንባሩን ዳስሼ ጎኑን ሳላይ ተኛሁ። እሱ ደግሞ ዝም አለ። የቱን ብቻውን አውጥተህ ትሰቅለዋለህ?» አባ ሳንቃ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አውጥተው አለቀሱ። ሴት ልጃቸው ጎረቤት እስኪሰማ የሚያለቅስ አባት አይታ ስለማታውቅ ፈርታ ከቤት ወጣች።

በ1993 ዓ.ም. ባለቤታቸው ከጤና ጣቢያ አንድ ወሬ ይዘው መጡ። የአንድ ሌላ ማሠልጠኛ ተማሪ፣ የጎድን አጥንቱ ተሰብሮ፣ አሠልጣኙን ፈርቶ ሳምንት ደብቆ፣ ሳንባው ተበስቶ መጥቷል። «በየሠፈሩ ያንተን ግድግዳ ጽሑፍ እየደገሙ ነው» አሏቸው። «ይኼ ነገር የት እንደሚያደርስ ካንተ በላይ የሚያውቅ ማን አለ? ቁጭ ብለህ እጅህን ከምታይ ሄደህ ንገራቸው።» አባ ሳንቃ ሦስት ሳምንት አሰቡ። ከዚያ ወፍጮ ቤቱ ላይ ያለውን ክፍል መልሰው ተከራዩ። ቀዩን ጽሑፍ በነጭ ኖራ ሁለት ጊዜ ቀቡት፤ ግን ቀይ ቀለም ክፉ ነው፣ ፀሐይ በመስኮት ስትገባ ፊደሎቹ ከሥር ይታዩ ነበር። ሦስተኛ እንዳይቀባ የከለከሉት እሳቸው ናቸው። «ይታይ» አሉ።

በአዲሱ ማሠልጠኛ «መቻል» ቀርቶ አንድ አዲስ ሕግ ገባ። ልምምድ ሲያልቅ አባ ሳንቃ በሰልፉ ፊት እየዞሩ አንድ በአንድ «የት አመመህ?» «የት አመመሽ?» ይላሉ። «የትም» ያለ በማግስቱ አይገባም። «ሁለት ሰዓት ሙሉ ተንቀሳቅሶ የትም ያላመመው ሰው ወይ አልሠራም ወይ ዋሽቷል» ይሉ ነበር፤ «ሁለቱም ለእኔ አይሆኑም።» ባለቤታቸው ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጡ ጠመኔ ይዘው በተማሪው ልብስ ላይ ጣፊያ የት እንዳለ፣ ጉበት የት እንዳለ፣ ኩላሊት የት እንዳለ ይሥሉ ነበር። ጎን ተመትቶ ትከሻ የሚያመው ሰው ጣፊያው ሳይደማ አይቀርምና በእግሩ እንዲሄድ እንደማይፈቀድለት ያላወቀ ተማሪ አልነበረም። አንዲት እናት «ወንድ እንዲሆንልኝ ብልከው ማልቀስ አስተማሩብኝ» ብለው ሊከሱ መጥተው ነበር። አባ ሳንቃ ወንበር ሰጥተው፣ ስለ ሞተው ልጃቸው ነገሯቸው። ሴትዮዋ በማግስቱ ሁለተኛ ልጃቸውንም ይዘው መጡ።

የድሮ ተማሪዎቻቸው የሽማግሌውን ዘበኛ ቃል እየጠቀሱ ሲከራከሯቸው እንዲህ ብለው መለሱ፤ «ሕመም እንግዳ አይደለም። ጎረቤት ነው። ቤትህ ሲቃጠል ከአንተ በፊት አይቶ የሚጮኽልህ ጎረቤት። አፉን ካፈንከው አመድህን ነው የምታገኘው።» አመታቱን ማስተማራቸውን ግን አልተዉም። ተረከዝ፣ ወገብ፣ ልል እጅ፤ ሁሉም እንደ ቀድሞው ነው። የሚያሳዩት በጆንያ ላይ ብቻ ነበር። ከ1987 ዓ.ም. ወዲህ በልምምድ ላይ በሰው ገላ እጃቸውን አላሳረፉም። የተማሪ ክንድ ለማቃናት እንኳ ቀጭን በትር ይጠቀሙ ነበር።

ተማሪ ሆዴን ሲላቸው በጀርባቸው አዝለው፣ ያንን ቀጥ ያለ ደረጃ ወርደው ወደ ሆስፒታል ይሮጡ ነበር። በሃያ ዓመት ውስጥ አሥራ ሁለት ጊዜ ሮጠዋል። አሥራ አንዱ ጊዜ ምንም አልነበረም፤ ነፋስ፣ የጡንቻ መሸማቀቅ፣ አንድ ጊዜም ባዶ ሆድ። የድንገተኛ ክፍል ሠራተኞች «አባ ሳንቃ መጡ፤ ዛሬ ደግሞ የማን ሆድ ነው?» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። እሳቸውም «ሳቁ፣ ሳቁ፣ ብቻ እዩት» ይሉና ውጤቱ እስኪነገራቸው ከኮሪደሩ አይነቃነቁም። በ2003 ዓ.ም. ያዘሏት አንዲት ዳቦ ጋጋሪ ተማሪያቸው ግን፣ ከደረጃ ተንሸራትታ ጎኗን ተመትታ ነበር፤ ጣፊያዋ ደምቶ ተገኘ። በሰዓቱ ስለደረሰች ዳነች። ያን ቀን አባ ሳንቃ ደስ ብሏቸው ይገባሉ ብለን ስንጠብቅ ቤት ገብተው ሳይበሉ ተኙ። በነጋታው ባለቤታቸው «ምነው? ዳነች እኮ» ሲሏቸው «ይኼን ያህል ቀላል ነበር» ብቻ አሉ።

በ2000 ዓ.ም. ከጋራዡ በጡረታ ተገለሉ። በ2007 ዓ.ም. ባለቤታቸው በልብ ሕመም ዐረፉ። ከዚያ ወዲህ የወጣትነቱ ሳንቃ ዕዳ በሽማግሌነት መጣ፤ የእጃቸው አንጓዎች ሁሉ አብጠው ጣቶቻቸው ተጣመሙ። የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ፣ የበር ቁልፍ በቀዳዳ ማስገባት፣ ማንኪያ መያዝ አቃታቸው። ሸሚዛቸውን ጠዋት ጠዋት ሴት ልጃቸው ትቆልፍላቸው ነበር። በዚህም ይቀልዱ ነበር። «አምስት ጡብ በአንዴ የሰበረ እጅ በአንዲት ቁልፍ ተሸነፈ» ይላሉ።

በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የወገብ ሕመም ጀመራቸው። ሲመረመሩ ካንሰር ሆኖ አጥንታቸው ውስጥ ገብቶ ተገኘ። ስለ ሕመማቸው ቤተሰቡ የሚለው ነገር ቢኖር ምንም አለመደበቃቸውን ነው። የቀድሞ ተማሪዎቻቸው ሊጠይቁ መጥተው «እርስዎ እኮ ብረት ነዎት» ሲሏቸው «ብረት አይደለሁም፤ ያመኛል። ዛሬ ከትናንት ይብሳል» ይሏቸው ነበር። አንዳንዱ ይህን መስማት ከብዶት ቶሎ ይሄዳል። የሚቀር ግን አልጠፋም፤ እግራቸውን ይዞላቸው ይቀመጣል። መድኃኒቱ ሕመሙን በማያስታግስበት ሰዓት ይጮኹ ነበር። ያ ጩኸት በጆሯችን አለ። ከእሱ ውስጥ አንዳችም የሚያሳፍረን የለም።

ሚያዝያ 2016 ዓ.ም.፣ ሕመሙ ረገብ ባለላቸው በአንድ ከሰዓት፣ ሴት ልጃቸው አልጋቸው አጠገብ ተቀምጣ ሃያ ዘጠኝ ዓመት በሆዷ የያዘችውን አወጣችው። ሐሙስ ዕለት ታላቅ ወንድሟ ጎኑን እንዳሳያት፣ እንዳትናገር እንደነገራት፣ እንዳልተናገረችም ነገረቻቸው። «ብናገር ይድን ነበር» አለቻቸው። «አሁን ያወቅኩት አይደለም፤ የዚያኑ ቀን አውቄያለሁ።»

ልጃቸው ይህን የመሰለ ነገር ለሚሞት ሰው በመንገሯ እየተጸጸተች ነበር። አባ ሳንቃ ያንን የተጣመመ እጃቸውን አንሥተው ራሷ ላይ አደረጉት። ከልጅነቷ ወዲህ ሲነኳት የመጀመሪያው ነበር።

«ስንት ዓመትሽ ነበር?» አሏት።

«አሥራ አንድ።»

«እኔ አርባ ሁለት ነበርኩ» አሏት። «ዝም ማለትንም ያስተማርኳችሁ እኔ ነኝ። የእኔን ሸክም ከአንቺ ላይ አውርጂው፤ አንቺ ጋ ምን ያደርጋል?»

ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ኖሩ። ስለ ወንድሟ ብዙ አወሩ፤ የሚያፏጨውን ዜማ፣ በግራ እጁ ሲጽፍ ቀለም የሚቀባውን ክንዱን፣ አምስተኛ ክፍል እያለ ከወፍጮ ቤቱ ዱቄት በፊቱ ላይ ነስንሶ እናቱን ያስደነገጠበትን ቀን። በዚያ ቤት ውስጥ ስሙ ያለ ፍርሃት ሲነሣ ያ የመጀመሪያው ነበር። አባ ሳንቃ ማክሰኞ ግንቦት 13 ቀን 2016 ዓ.ም. ከጠዋቱ 4 ሰዓት፣ በተወለዱ በ71 ዓመታቸው፣ ልጃቸው ባለችበት ዐረፉ።

አባ ሳንቃ አንዲት ሴት ልጅ፣ እንደ ልጅ የሚያዩትን አማቻቸውን፣ ሁለት የልጅ ልጆችና አንዲት ታናሽ እህት ትተው አልፈዋል። ባለቤታቸውና ወንድ ልጃቸው ቀድመዋቸዋል፤ ዛሬ ከሁለቱ አጠገብ ያርፋሉ። የተማሪዎቻቸውን ቁጥር አናውቅም፤ እዚህ የቆማችሁት ራሳችሁን ቁጠሩ። በሕመማቸው ወራት ያስታመሟቸውን ነርሶችና ሐኪሞች፣ በየተራ አልጋቸው ሥር የተቀመጡትን ሁሉ ቤተሰቡ ከልብ ያመሰግናል።

ሐዘን ላይ ያለን ሰው «ቻለው፣ ዋጥ አድርገው» ማለት የደጎች ልማድ ነው፤ ከፍቅር እንደሚመጣም እናውቃለን። ዛሬ ግን ወደ ቤታችን ስትመጡ ያን እንዳትሉን እንለምናለን። የት እንዳመመን ጠይቁን። እንነግራችኋለን።

ፈጣሪ የአባ ሳንቃን ነፍስ ምንም ነገር መቻል በማያስፈልግበት ስፍራ ያሳርፍልን። ወንድ ልጃቸውን ደግሞ ሊቀበላቸው እስከ በሩ ይላክላቸው።